አንድ መንገድ፣ አራት ትእዛዝ

ከአዲስ አበባ መቀሌ የሚጓዝ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ከመዲናዋ እንደወጣ በኦሮሚያ ክልል አለልቱንና ሸኖን ያልፋል። ደብረ ብርሃን ሲደርስ አማራ ክልል ነው። ደሴን፣ ወልድያንና ቆቦን አልፎ፣ በ2012 ዓ.ም. በትግራይ ክልል አስተዳደር ሥር የነበረችው አላማጣ ይገባል። በደህናው ጊዜ ተሳፋሪ ይህን አከላለል ልብ አይለውም። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ግን ያንኑ አስፋልት ለመጠቀም የፈለገ ሰው አራት አስተዳደሮች በየፊናቸው ያወጡትን ትእዛዝ ማወቅ ነበረበት።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 14 የየብስ ድንበሮች ለሰው ዝውውር ተዘጉ። ከውጭ የሚገባ መንገደኛም 14 ቀን በለይቶ ማቆያ እንዲቀመጥ ተደረገ። እስከዚህ ድረስ ትእዛዙ ሁሉ የሚመጣው ከፌዴራል መንግሥት ነበር። መጋቢት 17 ግን ትግራይ፣ በክልሉ አንድም ሕመምተኛ ሳይገኝ፣ የራሱን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጆ በከተሞች መካከል የሚደረግ ጉዞን ከለከለ። ቀናት ሳይቆጠሩ ኦሮሚያ የአገር አቋራጭና ከከተማ ከተማ የሕዝብ ትራንስፖርትን አገደ። በአማራ ክልል ደግሞ በሽታው መግባቱ እንደታወቀ መጋቢት 22 ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀናት ተዘጉ። አገር አቀፉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ መጋቢት 30 ነው።

ክልሎቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን በመዝጋታቸው አልወቅሳቸውም። የጽኑ ሕሙማን አልጋና የመተንፈሻ መሣሪያ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር የጣሊያንን ሬሳ በቴሌቪዥን ያየ የክልል ኃላፊ ቢደነግጥ ምን ይገርማል? ሕጉም ይፈቅድላቸዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93፣ የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲከሰት የክልል መስተዳድሮች በክልላቸው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሊያውጁ እንደሚችሉ በግልጽ አስቀምጧል። በሌላ በኩል አንቀጽ 32 በሀገሪቱ ውስጥ ተዘዋውሮ የመኖርን መብት ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ ሰጥቷል። ችግሩ ሁለቱ አንቀጾች መንገድ ላይ ሲገናኙ ማን ለማን እንደሚያሳልፍ አለመነገሩ ነው። አንዱ ክልል ሲዘጋ፣ የጎረቤት ክልል ተሳፋሪ መሐል መንገድ ላይ እንዳለ ማን ያስብለት? ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ለሕክምና አዲስ አበባ መጥቶ ቀጠሮውን የጨረሰው ታማሚ በየት ይመለስ? ይህን ጥያቄ የሚቀበል አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ስልክ ያስፈልግ ነበር። ሕዝቡ ግን መረጃውን የሚያገኘው መናኸሪያ ከደረሰ በኋላ፣ ከተራ አስከባሪና ከሾፌር ነበር።

የፌዴራሉ አዋጅ ሲመጣ ቢያንስ አገር አቀፍ ልክ አስቀመጠ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ተደነገገ። የሕዝብ ትራንስፖርት ከመቀመጫው በግማሽ ብቻ እንዲጭን ታዘዘ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀደም ብለው፣ ቤት የሌላቸው ዜጎች ባሉበት አገር እንደ ሀብታሞቹ አገሮች ሁሉንም ቤቱ መክተት እንደማይቻል ተናግረው ነበርና ሰው ሥራ እንዳይፈታ መንገዱ በከፊል ክፍት ሆነ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ሆኖም አንድ ነገር ጠጋ ብለን እንይ።

የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ የሚይዘው 12 ተሳፋሪ ነው። በአዲሱ ትእዛዝ 6 ሆነ፤ ታሪፉ እጥፍ። ባለ ታክሲው ያው ገቢው ነው፤ የጎደለውን ወንበር ዋጋ የሚከፍለው ከመገናኛ ሜክሲኮ የሚመላለሰው ተሳፋሪ ነው፤ ጠዋትም ማታም። በዚያው ሰሞን የግል መኪናዎች በሰሌዳቸው ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር እየተፈራረቁ እንዲወጡ ተደረገ። መኪናው ተራው ያልደረሰ ሰውም ታክሲ ፍለጋ ወረደ። ታክሲው ውስጥ ሁለት ሁለት መሆን ሲቀር፣ ታች አስፋልቱ ዳር ያለው ሰልፍ ከወትሮው ረዘመ፤ ትከሻ ለትከሻ የሚገፋፋውም እዚያ ሆነ። አንድ ሕግ ከመውጣቱ በፊት ሰልፉን ቆሞ ያየ ባለሙያ ቢኖር አውቶቡስ ከመጨመር ይጀመር ነበር።

ጭነት መኪና ከክልከላው ነፃ ነበር፤ መሆንም ነበረበት። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ በጅቡቲ በኩል ነው፤ የጋላፊ መስመር ለአንድ ሳምንት ቢቆም ማዳበሪያውም መድኃኒቱም ይቆማል። ስለዚህ አሽከርካሪው አገር ሲዘጋ አገር የሚያቋርጥ ብቸኛ ሰው ሆነ። በየኬላው ሙቀቱ ተለካ፤ ናሙና ሰጠ፤ ውጤት እስኪደርስ ቆመ። ቫይረሱ ከተገኘባቸው መካከል የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች በተደጋጋሚ ሲጠቀሱ ግን ብዙ ሰው እንደ ባለውለታ ሳይሆን እንደ በሽታ ተሸካሚ አያቸው። ምግብ ቤት ፊቱን ሲያዞርበት መኪናው ሥር ያበሰለውን ሾፌር ያን ጊዜ ማመስገን ይገባን ነበር።

ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ። ዶሮና ቅቤ ይዞ አገር ቤት መግባት የለመደ ሰው በዚያ ዓመት ለእናቱ ደውሎ ቀረ። በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲፈጅ፣ አቅም ያለው ከከተማው ሸሽቶ ነበር። የሚሸሽ ሰው በሽታውን ወደ ገጠር ይዞ እንደሚሄድ ይታወቃልና የ2012ቱ ልጅ መቅረቱ ለእናቱ ጤና ነበር። ይህን በደንብ ያስረዳው ግን ጥቂት ነው፤ «ተከልክሏል» ብቻ ነበር የሚባለው።

የከበደኝ ሌላው ነገር የመክፈቻው መንገድ ነው። አዋጁ ሲታወጅ በአገሪቱ የታወቁት ሕሙማን 55 ነበሩ። ለአምስት ወር የቆየው አዋጅ በ2012 ማብቂያ ላይ ሲያበቃ ከ50 ሺህ አልፈዋል። ምርመራው ስለበዛ ቁጥሩ ከበፊቱ ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም፤ ኢኮኖሚውም ከዚያ በላይ የሚችል አልነበረም። ሆኖም በ55 ሰው ጊዜ መናኸሪያ የተዘጋበት ሰው በ50 ሺህ ጊዜ ሲከፈትለት ምን እንደተለወጠ ሊነገረው ይገባ ነበር። ምክንያቱ ካልተነገረው፣ በሽታው ያለፈ መስሎት ጭንብሉን አገጩ ላይ ያወርዳል፤ አውርዷልም። በ2013 መጀመሪያ የወጣው የጤና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መመሪያ ቁጥር 30 ጭንብል ማድረግን ግዴታ አድርጎ ቢያስቀምጥም፣ ታክሲ ውስጥ የሚጠይቅ ረዳት እያደር ጠፋ።

ቀጣዩ ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ከመምጣቱ በፊት ግን ሊሠራ የሚችል ሥራ አለ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴርና የክልል ቢሮዎች በክልል ካርታ ሳይሆን በመስመር ተቀምጠው፣ የደሴን መስመር ለብቻ፣ የጎጃምን ለብቻ፣ የጅቡቲን ለብቻ ይነጋገሩ። የትኛው ኬላ ሲዘጋ የመሐል ተሳፋሪ የት ያድራል፣ በማን ወጪ፣ ከስንት ሰዓት ማስጠንቀቂያ በኋላ፣ የሚያበቃውስ በየትኛው ቀን? ይህ በወረቀት ሰፍሮ በየመናኸሪያው ይለጠፍ።