የሽምብራ ሥርና የናይትሬት ነገር

ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 እጁ ናይትሮጅን ሲሆን፣ ጤፍና ስንዴ በዚህ ባለጸግነት መካከል ቆመው ሳሉ ከእርሱ በቀጥታ አንዳች መቀበል አይቻላቸውም፤ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ግን ራይዞቢየም የተባሉትን ረቂቃን ተህዋስያን በሥራቸው አሳድረው፣ ስኳር እየመገቧቸው፣ ከአየር የተወሰደውን ናይትሮጅን በለውጥ ይቀበላሉ። ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን ሊቃውንት ይህን ያስረዱበትን ጽሑፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1888 አሳትመዋል።

በሀይሌ ጋርመንት መንገድ ዳር እሸት ሽምብራ ከነሥሩ በእስር በእስር ሲሸጥ ባየሁ ቍጥር፣ ገዢው ፍሬውን ፈልፍሎ ሥሩን ሳያስተውል እንዳይጥለው ልለምነው ይቃጣኛል። ብዙዎቹ በሚነቀልበት ጊዜ ከአፈር ቢቀሩም፣ በሥሩ ላይ ተጣብቀው የሚገኙት ትናንሽ እጢዎች ብዙ ሰው እንደሚመስለው ደዌ አይደሉም፤ የተህዋስያኑ ማደሪያዎች ናቸው እንጂ። በጥፍር ሲከፈሉ ውስጣቸው ቀላ ካለ በሥራ ላይ ናቸው፤ ቅላቱም ከደማችን ቀለም ጋር ዝምድና ካለው ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው። አረንጓዴ የሆነው አርጅቷል፤ ነጩ ወይ ሥራ አልጀመረም፣ ወይ ከቶ አይሠራም።

ይህ የተክልና የተህዋስያን ማኅበር ግን፣ ተክል ከአፈር በቀጥታ ሊቀበለው በሚችለው የናይትሮጅን ዓይነት፣ በናይትሬት ፊት እንዴት እንደሚፈርስ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ናይትሬት በአፈር ውስጥ ሲበዛ፣ ተክሉ አስቀድሞ በሥሩ ጠጕር በኩል የሚቀበላቸውን እንግዶች ያሳንሳል፤ የተጀመሩት እጢዎች ሳያድጉ ይቀራሉ፤ ሲሠሩ የነበሩትም ቀስ በቀስ ይደክማሉ። የአየርን ናይትሮጅን መለወጥ ከቅጠሉ የሚወርደውን ስኳር አብዝቶ የሚፈጅ ሥራ ስለ ሆነ፣ በአጠገቡ የተዘጋጀ ሲሳይ ያገኘ ተክል ማደሪያ ሠርቶ እንግዳ መቀለቡን ይተዋል፤ ይህም ከስንፍና ሳይሆን በባሕርዩ ከተሰጠው ቍጠባ የተነሣ ነው። እንግዲህ ከመቶው 46 እጁ ናይትሮጅን የሆነውን ዩሪያ ገዝቶ በባቄላ ማሳ ላይ የሚበትን ሁሉ ልብ ይበል፤ ዩሪያው በአፈር ውስጥ ሰንብቶ ወደ ናይትሬት ስለሚለወጥ፣ ያለ ዋጋ ይመጣለት የነበረውን ጸጋ በገዛ ገንዘቡ ያስቀራል። እጅግ በደከመ አፈር ላይ፣ በተለይም ለቦሎቄ፣ እጢዎቹ ሥራ እስኪጀምሩ ድረስ ጥቂት ናይትሮጅን ሊጠቅም ይችላል፤ ጥራጥሬ አጥብቆ የሚሻው ግን ፎስፎረስን ነው።

ጥራጥሬ የተዘራበት መሬት ሁሉ ይወፍራል የሚለው እምነትም ያለ ገደብ ሊነገር አይገባውም። በረት በነበረበት፣ ፍግ በጠገበ ቦታ የበቀለ ባቄላ ከአየር ይልቅ ከምድር ስለሚመገብ፣ ፍሬው ወደ ጎተራ ገለባውም ወደ ከብት ከሄደ በኋላ መሬቱ ከቀድሞው ይልቅ ደኽይቶ ሊገኝ ይችላል። በአድአ ዋልካ ላይ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ በቀረው ርጥበት የሚዘራው ሽምብራ ግን የተሻለ ዕድል አለው፤ ውኃ ከተኛበት አፈር ከናይትሬቱ ከፊሉ ታጥቦ፣ ከፊሉም ወደ አየር ተመልሶ ይጠፋልና።

ተህዋስያኑን የያዘውን ሕያው ማዳበሪያ የሚገዛ ሰው፣ ለሽምብራ የተዘጋጀው ለባቄላ እንደማይሆን፣ የፀሐይ ትኩሳትም እንደሚገድለው ዐውቆ፣ ዘሩን በጥላ ሥር አሽቶ ወዲያው በርጥብ አፈር ይሸፍነው፤ በዚያው ማሳ ላይ ዩሪያ ከጨመረበት ግን ተህዋስያኑ በሕይወት ቢደርሱም የሚቀበላቸው ሥር ጥቂት ነው።