ቤት ሲያሻሽጥ የኖረ ሰው ምን ትቶ ያልፋል?
ከጅቡቲ ከተማ የሚገኝ ትምህርት

ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ በቤትና በቦታ ንግድ የኖረ ሰው፥ ሥራውን ለልጆቹ ወይም ለሌላ አስረክቦ ከቤቱ በሚውልበት በመጀመሪያው ቀን አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል። እስከ ትናንት ድረስ ገዥና ሻጭ፥ አከራይና ተከራይ ደጁን ሲጠኑት ነበር፤ ዛሬ ግን በሩን የሚያንኳኳ የለም። ገንዘብ ቢተርፈው ጊዜም አብሮ ይተርፈዋል። «እንግዲህ ለምን እኖራለሁ?» የሚለውም ሐሳብ የሚወለደው ከዚህ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለሚፈልግ ሰው የጅቡቲ ከተማ ብዙ ምሳሌ አላት፤ ይህች ከተማ በአብዛኛው የነጋዴ እጅ የሠራት ናትና።

እንደሚታወቀው፥ ፈረንሳውያን መቀመጫቸውን ከኦቦክ ወደዚህ ማዛወር የጀመሩት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1888 ዓ.ም. ነው። በ1897 የምድር ባቡር ሥራ ሲጀመር፥ ሐዲዱም በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፥ ትናንት ጨውና አሸዋ የነበረው ባዶ ቦታ ዋጋ አወጣ። ከየመን፥ ከሶማሌ አገር፥ ከግሪክ፥ ከህንድ፥ ከኢትዮጵያም የመጣው ነጋዴ ከባሕር ዳር በተቈረጠ የመርጃን ድንጋይ ቅስት ያለው ሰገነት ሠራ፤ ድኻው ደግሞ ከሳንቃና ከቆርቆሮ መጠለያውን አቆመ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ የኖረ የቤት ደላላ፥ የማን ወሰን ከየት እስከ የት እንደሆነ፥ የትኛው ቤት በጽኑ የርስት ማስረጃ፥ የትኛውም በጊዜያዊ ፈቃድ ብቻ እንደቆመ ከመዝገብ ይልቅ በልቡ ያውቃል። ስለዚህ የደላላው ሀብት ያገኘው ኮሚሲዮን ብቻ አይደለም፤ ዕውቀቱም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ምሳሌዎቹ እንምጣ። ከከተማይቱ እምብርት፥ ዛሬ በማሕሙድ ሐርቢ ስም ከሚጠራው አደባባይ አጠገብ፥ በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ ቆሞ ይታያል። ያሠሩት ሐጂ ሐሙዲ የተባሉ የየመን ነጋዴ ናቸው። በዚያ ዘመን የተሸጠውና የተገዛው ሁሉ ስንት ጊዜ ባለቤት እንደለወጠ የሚቈጥረው የለም። መስጊድ ግን በእስልምና ሕግ አይሸጥም፥ አይወረስም። ይኸው ሕግ ወቅፍ የሚባል ሥርዓት አለው፤ ይኸውም ባለንብረቱ ቤቱን ወይም መሬቱን ለዘለቄታው ለበጎ ሥራ ሰጥቶ፥ ኪራዩ ለመስጊድ፥ ለትምህርት ቤት ወይም ለድኻ እንዲውል የሚያደርግበት ነው። በእኛም አገር ነገሥታቱና መኳንንቱ ለአብያተ ክርስቲያናት ጕልት ሲሰጡ መኖራቸው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ስለዚህ ሰው በዕድሜው ማምሻ ሊያስብበት የሚገባው፥ ከእጁ ከሚወጣው ሁሉ የማይሸጠው የትኛው እንደሆነ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለየት ያለ ነው። ፈረንሳዊው አርቱር ሬምቦ ብዕሩን በወጣትነቱ ጥሎ ለንግድ ተሰደደ፤ ጅቡቲ ከተማ ሳትሆን፥ በ1885ና በ1886 በታጁራ ተቀምጦ ለምኒልክ የሚያደርሰውን ጠመንጃ የሚያጓጉዝለትን ቅፍለት ሲጠባበቅ ከረመ፤ በ1891ም በ37 ዓመቱ ሞተ። የአገሩ ሰው ሄንሪ ዴ ሞንፍሬ ደግሞ መንገዱን ገለበጠው። በ1911 ወደዚህ መጥቶ በቡናና በቆዳ ንግድ ጀመረ፤ በኦቦክ ቤት ሠራ፤ በመሣሪያና በሐሺሽ ኮንትሮባንድም ተጠመደ፤ ይህም የሚመሰገንበት አይደለም። ነገር ግን ዕድሜው ሃምሳ ካለፈ በኋላ፥ ጆሴፍ ኬሰል የተባለው ጸሐፊ ታሪኩን ሰምቶ «ይህን ጻፈው» ብሎ ስላበረታታው ብዕር አነሣ። በ1974 በ95 ዓመቱ እስኪሞት ድረስም በዐሥር የሚቈጠሩ መጻሕፍት አሳተመ። ያ ሁሉ ሸቀጥ ጠፍቶ ስሙን እስከ ዛሬ ያቆየው የጻፈው ነው።

ንብረት ብቻውን መተማመኛ እንዳልሆነ ደግሞ የእኛው ታሪክ ይመሰክራል። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው አዋጅ ቍጥር 47፥ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት ሲያደርግ፥ በአዲስ አበባም በአሥመራም በኪራይ ይኖር የነበረው ባለቤት በአንድ ቀን አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ቀረው። ትርፍ ቤቱን አዋጅ ወሰደው፤ ሒሳብ ማወቁን፥ ሰው መለየቱን፥ ቃል መጠበቁን ግን የሚወስድ አዋጅ አልተገኘም። ከዚያ ወዲያ ልጆቹን ያስተማረበትና ጎረቤቱን ያስታረቀበት ይኸው ነበር።

ታዲያ ከሥራ ያረፈው አሻሻጭ ለወጣቱ ምን ያስተምር? በመጀመሪያ፥ ማስረጃን ሳይመረምሩ ቀብድ አለመክፈልን። በሁለተኛ ደረጃ፥ ወሰንን ከጎረቤት ጋር ቆሞ ማየትን፤ በወረቀት ላይ የተሰመረው ሁሉ ከመሬቱ ጋር አይስማማምና። በሦስተኛ ደረጃ ደግሞ ከሁሉ የሚከብደውን፥ ይኸውም የቤቱን ጉድለት ከመሸጥ በፊት መናገርን ነው። ይህን የሚያስተምር ግን ጉድለቱን ደብቆ የሸጠበትን ቀን አብሮ ሊናዘዝ ይገባዋል። ስሕተቱን የማያወራ ሽማግሌ ምክሩ ተረት ይሆናል፤ ጥፋቱን የሚያወራ ግን ከሰሚው ዘንድ ይታመናል። እንዲህ ያለው ሰው በየመንደሩ ባለው የወሰንና የኪራይ ጠብ ሽማግሌ ሆኖ ቢቀመጥ፥ ዕረፍቱ ሥራ ይሆንለታል፤ ሰላምታ የነፈገው ደጅም እንደገና ይንኳኳል።

የአደባባይ ስም እንኳ በዘመን ይለወጣል። በጅቡቲ የምኒልክ አደባባይ ይባል የነበረው ዛሬ በነፃነት ቀን በ27 ጁን 1977 ይጠራል፤ የሬምቦ አደባባይም ዛሬ የማሕሙድ ሐርቢ ሆኗል። በሰሌዳ ላይ የተጻፈ ስም እንዲህ ከተነሣ፥ ነጋዴው በቁልፍ ብዛት ስሙን ለማስጠራት መድከሙ ምን ይረባዋል? አበው «የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፥ ሞኝ ይልሳል» ብለዋል። ከአሳል ሐይቅ በግመል የሚጫነው ጨው አገር ለሆነባት ለጅቡቲ ይህ ተረት እንግዳ አይደለም። የአንድ አዋቂ ሽማግሌ ዕውቀትም እንደ ጨው ክምር ነው፤ ሳይናድ በፊት ለሰው እንጀራ ሊካፈል ይገባዋል።