ሆዷ ሞላ፤ ጮጮው ግን ባዶ ነው

ገበሬ ወንድማችን፣ ገበሬ እኅታችን! ይህን ጽሑፍ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ፊደል ላልቆጠረ ጎረቤትም አንብቡለት።

የካቲት ገብቷል እንበል። መስኩ ደርቋል። ላሚቱ ከጭድ ክምሩ ሥር ቆማ ቀኑን ሙሉ ትበላለች። ማታ ስትታለብ ግን የምትሰጠው ለጥጃዋም አይበቃ። ልጆች ጮጮውን ያያሉ፤ ባዶ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባል የለ? የእናንተ ላም በሰማይ አይደለችም፤ በበረት ናት። ታዲያ ወተቷ የት ሄደ?

«ጭድ ምን ይረባል!» የሚል ሰው አለ። ይህ ስሕተት ነው። ላም ጭድ ስትበላ መልሳ ታመሰኳለች። ስታመሰኳ ምራቋ ይበዛል። ምራቁ ሆዷን ከመጠን በላይ እንዳይኮመጥጥ ይጠብቀዋል። በሆዷ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ። እርሾ ሊጡን እንደሚያቦካ፣ እነሱም ጭዱን ያብላላሉ። የወተቱ ቅቤም በዚህ ይገኛል። ጭድና ሣር አጥታ እህልና ፉርሽካ ብቻ የምትበላ ላም ሆዷ ይታመማል፤ የወተቷም ቅቤ ይቀንሳል።

ችግሩ ሌላ ነው። በ100 ኪሎ የጤፍ፣ የስንዴ ወይም የገብስ ጭድ ውስጥ ያለው ገንቢ ምግብ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ብቻ ነው። ተሕዋስያኑ በደንብ እንዲሠሩ ግን 7 ኪሎ ያህል ያስፈልጋል። ካላገኙ ይዳከማሉ። ጭዱም ሳይብላላ በሆዷ ይቆያል። ላሚቱ ሆዷ ሞልቶ ትራባለች።

ታዲያ ምን ይሻላል? ለማዳበሪያ በምናውቀው ዩሪያ ጭዱን ማከም ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. 100 ኪሎ ደረቅ ጭድ፣ 5 ኪሎ ዩሪያ፣ 100 ሊትር ውሃ አዘጋጁ። በግምት አትሥሩ፤ መዝኑ።

2. ዩሪያውን በውሃው አሟሙት። አንድም ፍሬ አይቅር።

3. ጉድጓድ ቆፍራችሁ ላስቲክ አንጥፉበት። ጭዱን በስሱ ዘርጉ፤ ውሃውን እኩል እርጩ፤ በእግር ርገጡት። እንዲሁ እያላችሁ ሙሉት።

4. በላስቲክ ሸፍናችሁ አፈር ጫኑበት። አየር እንዳይገባ! 21 ቀን ይቆይ።

5. የዕለቱን ብቻ አውጡና መልሳችሁ ክደኑ። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ስለዚህ ተዘርግቶ ይደር፤ በማግሥቱ ይሰጥ። መጀመሪያ ካልታከመ ጭድ ጋር ደባልቁት፤ ቀስ በቀስ ትለምደዋለች። የሻገተ ካገኛችሁ ጣሉት።

ተጠንቀቁ! ዩሪያ ከብት ይገድላል። ላም ዩሪያ ብትልስ ወይም የዩሪያ ውሃ ብትጠጣ ልትሞት ትችላለች። የተሠራበትን ባልዲ ወዲያው እጠቡ። ከረጢቱን ከብትና ልጅ ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። የታከመውን ጭድ 6 ወር ላልሞላው ጥጃ፣ ለአህያና ለፈረስ አትስጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሠሩ የግብርና ባለሙያ አጠገባችሁ ቢኖር ይሻላል።

ዩሪያ የሌለውስ? እሱም መላ አለው። የባቄላ፣ የአተርና የምስር ገለባ ከእህል ጭድ የበለጠ ገንቢ ምግብ አለው። አውድማ ላይ አትተዉት፤ ከጤፍ ጭድ ጋር ደባልቁት። የኑግ ፋጉሎ ወይም የሰስባንያ ቅጠል ጨምሩበት። ጨውና በቂ ውሃ አይጓደልባት። የበቆሎና የማሽላ አገዳ እህሉ እንደተነሣ ቶሎ ይሰብሰብ፤ ቅጠሉ ከረገፈ ጥቅሙ ይቀንሳል። አገዳውን ቆራርጣችሁ ስጡ፤ እንዲያው ከጣላችሁላት ቅጠሉን መርጣ ግንዱን ትተወዋለች።

ክምሩንም አትርሱ። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በቆጥ ላይ ከምሩት፤ ከዝናብ ሸፍኑት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የተጠበቀ ጭድ ሚያዝያ ላይ ወተት ይሆናል።

ተወያዩበት፦

ላም ጠግባ የምትራበው ለምንድን ነው?

ለ100 ኪሎ ጭድ ስንት ኪሎ ዩሪያ ያስፈልጋል? ስንት ቀንስ ይቆያል?

በእናንተ አውድማ ዘንድሮ ሳይሰበሰብ የቀረው ገለባ የትኛው ነው?