በአንዲት እናት ዛፍ ላይ የቆመ ገበያ
ስለ ኮክ ዝርያና ዝምድና

ሸቀጥ ብዙ ጊዜ ስሙን የሚያገኘው ከተወለደበት አገር ሳይሆን ከተገዛበት ገበያ ነው። በኮክም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የአውሮፓ ሰዎች ፍሬው በፋርስ በኩል ስለ ደረሳቸው የፋርስ ተክል መሰላቸው፤ ሊቃውንቱም ስሕተቱን አጽንተው ፕሩኑስ ፐርሲካ ብለው ሰየሙት። የትውልድ አገሩ ግን ቻይና ነው። በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር በቁፋሮ ተገኝተው በ2014 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ምርመራቸው የታተመ የኮክ ዘሮች፣ የዚያ አገር ሰዎች ከ7,500 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ የተሻለውን ፍሬ እየመረጡ ያሳድጉ እንደ ነበር ያመለክታሉ።

ኔክታሪን የኮክና የፕሪም ድቅል ነው የሚል ባለሱቅ በየአገሩ አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ኔክታሪን ልጡ ጠጕር የሌለው ኮክ ነው፤ ልዩነቱም ከአንድ የውርስ ቅንጣት የመጣ ስለ ሆነ፣ በኮክ ዛፍ ላይ አንዲት ቅርንጫፍ ብቻዋን ኔክታሪን ልታፈራ ትችላለች። ዓለም አቀፉ የጕምሩክ መደብም ሁለቱን በአንድ ቍጥር፣ በ0809.30፣ ይመዘግባቸዋል። አልሞንድ የሚባለውን ለውዝ (ኦቾሎኒውን አይደለም) ግን ከደረቅ ፍሬዎች ጋር በ0802 አስቀምጦታል። ቀረጥ ሰብሳቢው ያራራቃቸው ኮክና አልሞንድ በዝምድና ግን እጅግ የቀረቡ ናቸው፤ ተዳቅለው ይወልዳሉ። ኖራ በበዛበት የሜዲትራኒያን አፈር ላይ ኮክ የሚተክል ገበሬ ከሁለቱ የተወለደውን ድቅል ሥር አድርጎ ኮኩን በላዩ ላይ ይቀጥላል። ከዚህ ሌላ በዱር የቀሩ ዘመዶች አሉ፤ የሰሜን ቻይናው ዳቪዲያና፣ የካንሱ ኮክ፣ የቲቤቱም ሚራ።

ይህን ያህል ሰፊ ቤተ ሰብ ሳለ ገበያው የተደገፈው በጥቂቶቹ ላይ ነው። ከሻንጋይ የመጣ አንድ የኮክ ዓይነት በ1850 ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ስሙም ቻይኒዝ ክሊንግ ተባለ። የጆርጂያው ገበሬ ሳሙኤል ራምፍ በ1870ዎቹ ከዚህ ዛፍ ዘር አዲስ ኮክ አገኘና በሚስቱ ስም ኤልበርታ አለው። ቢጫ፣ ሥጋው ጠንካራ፣ ከዘሩ በቀላሉ የሚላቀቅ፣ ከሁሉም በላይ መንገድ የሚችል ፍሬ ነበር። ራምፍም በበረዶ እያቀዘቀዘ በባቡር እስከ ኒውዮርክ ላከው። ላኪ የሚመኘው ሁሉ በአንድ ፍሬ ስለ ተገኘ አዳቃዮችም ወደ እርሱና ወደ ዘመዶቹ አዘነበሉ። በ1985 የምሥራቅ አሜሪካን ኮኮች የትውልድ ሐረግ የመረመሩ ሊቃውንት አብዛኞቹ ከጥቂት ወላጆች የወጡ ዘመዳሞች መሆናቸውን አስረዱ። ኮክ በራሱ አበባ ብናኝ የሚፀንስ ዛፍ ነውና ደሙ ከውጭ እምብዛም አይታደስም።

ለባለሱቁ ይህ መልካም ነው፤ ሣጥኑ ሁሉ አንድ መልክና አንድ መጠን ይኖረዋል። ጕዳቱ የሚገለጠው በሽታ በመጣ ጊዜ ነው። ሻርካ የሚባለው የቫይረስ በሽታ በክሽክሽና በታመመ ችግኝ ይተላለፋል። ሰውን አይነካም፤ የፍሬውን መልክ ግን አበላሽቶ ከገበያ ያስወጣዋል። በ1999 በፔንሲልቬንያ በተገኘ ጊዜ ከ1,500 ኤከር በላይ የፍራፍሬ ዛፍ ተነቀለ፤ በዚያ ግዛት መጥፋቱ የታወጀውም በ2009 ነው። የፈረንሳይ አዳቃዮች በሽታውን የሚቋቋም ደም የፈለጉት ከዳቪዲያና ነው። ይሁን እንጂ የዳቪዲያና ፍሬ ደረቅና የማይበላ ስለ ሆነ፣ ጥንካሬውን አስቀርቶ ጣዕሙን ለመመለስ ከኮክ ጋር ደጋግሞ ማዳቀልን ይጠይቃል፤ ይህም የብዙ ዓመት ሥራ ነው።

የብርድ ነገርም አለ፤ በኢትዮጵያ ችግኝ ለሚያስመጣ ነጋዴ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው። ኤልበርታ በቅጡ ለማበብ በብርዱ ወራት ከ7 ዲግሪ በታች 800 ሰዓት ያህል ማሳለፍ ይፈልጋል። በፍሎሪዳ ከኦኪናዋ በመጣ ኮክ እየታገዙ ባወጧቸው ዓይነቶች ግን ይህ ፍላጎት እጅግ ዝቅ ብሏል፤ ለፍሎርዳፕሪንስ 150 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ረዥም የብርድ ወራት በሌለበት አገር በሥዕሉ ውበት ብቻ ተመርጦ የመጣ ችግኝ ቅጠል እንጂ ፍሬ ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ አስመጪው ገንዘቡን ከመላኩ አስቀድሞ ዛፉ ስንት ሰዓት ብርድ እንደሚሻ፣ በምን ሥር ላይ እንደ ተቀጠለና ከሻርካ ነጻ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት እንዳለው ሻጩን በጽሑፍ ይጠይቅ።