መርጃን በአፋር በረሃ ምን ያደርጋል?

 

ጨው ወደሚቆረጥበት የደናክል ዝቅተኛ ስፍራ የወረደ ሰው በሜዳው ዳርቻ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ያያል። ቀረብ ብሎ ሲመለከተው ድንጋዩ የመርጃን፣ ማለትም የኮራል አፅም ነው። ሜዳው ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የጎደጎደ በረሃ ነው። ታዲያ መርጃን እዚያ ምን ያደርጋል? ብዙ ሰው «የኑሕ (ዐ.ሰ.) ጎርፍ ያመጣው ነው» ይላል። እስቲ ድንጋዩን ራሱን እንጠይቀው።

ድንጋይ እንዴት ይናገራል?

ክረምት ያለፈበትን ወንዝ እናስታውስ። ውኃው በኃይል በወረደበት ጠጠር፣ በተኛበት ደግሞ ደቃቅ ጭቃ ይቀራል። ባሕርም እንዲሁ ነው። ድንጋይ ገንቢው መርጃን የሚኖረው ሞቃት፣ የጠራና የፀሐይ ብርሃን በሚዘልቀው ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው። በበቀለበት ቆሞ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ ከተገኘ ስፍራው መኖሪያው ነበር ማለት ነው። ተሰባብሮ የተከመረው ማዕበል የሚመታውን ጠርዝ ያመለክታል። ከጀርባው ባለው ጸጥ ያለ ውኃ ደቃቅ የኖራ ጭቃ ይረጋል። ወደ የብስ ሲቀርብ ደግሞ ከተራራ የወረደ ጠጠር ይቀላቀልበታል።

ድፍን የሆኑት የመርጃን ዓይነቶች በዓመት የሚያድጉት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር የሚያህለው መርጃን በስፍራው መቶ ዓመት ያህል ኖሯል። ጎርፍ ይነቅላል፣ ያደባልቃል እንጂ ይህን አያሳድግም።

ባሕሩ መጥቶ ሄደ

ቀይ ባሕር በሰሜን በኩል ወደ ደናክል ገብቶ ነበር። በኋላ መግቢያው ሲዘጋ ውኃው በፀሐይ ተነነ፤ መጀመሪያ ጀሶ፣ ቀጥሎም ጨው ረጋ። ዛሬ በግመል ተጭኖ የሚወጣው ጨው የዚያ ባሕር ውርስ ነው።

ዘመኑም ይለካል። መርጃን ከባሕር ውኃ ዩራኒየም ይወስዳል፤ እርሱም ቀስ በቀስ ወደ ቶሪየም ስለሚለወጥ የሁለቱ ምጣኔ ዕድሜውን ይነግራል። በኤርትራ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በሚገኘው አብዱር የመርጃን ድንጋዩ 125 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በውስጡም የሰው እጅ የሠራቸው የባልጩት መሣሪያዎች አሉ። ይህ በ2000 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታትሟል።

ለቤተሰባችን

በኑሕ (ዐ.ሰ.) ጎርፍ እናምናለን። እምነታችን ግን በቁርኣን ላይ እንጂ በደናክል ድንጋይ ላይ የቆመ አይደለም። ያልመረመርነውን በዲን ስም ለልጃችን ብንነግረውና ነገ በትምህርት ቤት ሌላ ማስረጃ ቢያይ፣ የሚጠራጠረው እኛን ብቻ አይሆንም። ቁርኣን በምድር ላይ ተጉዘን የፍጥረትን አጀማመር እንድናስተውል አዞናል፤ ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተልም ከልክሎናል። ልጅ ሲጠይቅ «አብረን እንመልከት» ማለት ሁለቱንም ትእዛዛት መፈጸም ነው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይለግሰን። አሚን።