የመሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ስም አመራረጥና አመዘገብ

አንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ለመክፈት ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚያሳስበው የገጹ መልክና ይዘት ነው። ይሁንና ከሁሉ አስቀድሞ ሊወሰን የሚገባው ዶሜይን በመባል የሚታወቀው የድረ ገጹ ስም ነው። ስሙ በደብዳቤዎች፣ በጨረታ ማስታወቂያዎችና በሠራተኞች የኢ-ሜይል አድራሻ ላይ ስለሚሰፍር አንዴ ከተለመደ በኋላ መቀየሩ ተገልጋዩን ለእንግልት ይዳርጋል።

ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት እርስ በርስ የሚገናኙት በቁጥር አድራሻ ነው። ቁጥሩን ማስታወስ አስቸጋሪ በመሆኑ ስምን ወደ ቁጥር የሚመነዝር ሥርዓት እ.ኤ.አ በ1983 ተቀየሰ። ሥርዓቱን በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያስተባብረው እ.ኤ.አ በ1998 የተቋቋመው አይካን የተሰኘ ድርጅት ነው። የኢትዮጵያ መለያ የሆነው «ነጥብ ኢቲ» የተመዘገበው እ.ኤ.አ በ1995 ሲሆን፣ የሚያስተዳድረውም ኢትዮ ቴሌኮም ነው። በዚሁ መለያ ሥር «ጎቭ» ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ «ኢዲዩ» ለትምህርት ተቋማት፣ «ኮም» ደግሞ ለንግድ ድርጅቶች ያገለግላሉ።

የመንግሥት ተቋም «ጎቭ ነጥብ ኢቲ»ን መጠቀሙ የታማኝነት ጉዳይ ነው። በ«ነጥብ ኮም» የሚያልቅ ስም ማንኛውም ግለሰብ በጥቂት ዶላር ሊገዛው ስለሚችል፣ የተቋሙን ስም አስመስሎ ኅብረተሰቡን ለማታለል ለሚሻ በር ይከፍታል።

ስሙ አጭር፣ በስልክ ሲነገር በቀላሉ የሚያዝ ሊሆን ይገባል። በላቲን ፊደላት፣ በቁጥሮችና በሰረዝ የሚጻፍ ሲሆን በነጥቦች መካከል ያለው እያንዳንዱ ክፍል ከ63 ፊደላት መብለጥ፣ በሰረዝም መጀመር ወይም ማለቅ አይችልም። እንደ «ቀ» እና «ጸ» ያሉ ድምፆች በላቲን በተለያየ መንገድ ስለሚጻፉ፣ የአማርኛ ስም የሚመርጥ መሥሪያ ቤት አጻጻፉን አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። መሥሪያ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 እንደሆነው ሲዋሃዱ ወይም ስማቸው ሲቀየርም፣ የቀድሞው አድራሻ ጎብኚውን ወደ አዲሱ እንዲመራ ማድረግ እንጂ መጣል አይገባም።

በምዝገባ ወቅት የሚፈጸመው ዋነኛ ስህተት ስሙን በአንድ ባለሙያ ወይም ድረ ገጹን በሠራው ድርጅት ስም ማስመዝገብ ነው። ባለሙያው ሥራ ሲለቅ የይለፍ ቃሉና የእድሳት ማሳሰቢያው አብረውት ይሄዳሉ። ስለዚህ ባለቤቱ ተቋሙ ራሱ፣ የመገናኛ ኢ-ሜይሉም የግለሰብ ሳይሆን የሥራ ክፍል መሆን አለበት።

የዶሜይን ስም ለተወሰነ ጊዜ የሚያዝ እንጂ ለዘለዓለም የሚገዛ አይደለም። እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 1999 ማይክሮሶፍት የአንድ ዶሜይኑን ክፍያ ሳያድስ በመቅረቱ በርካታ የሆትሜይል ተጠቃሚዎች ደብዳቤያቸውን መክፈት ተስኗቸው ነበር። ችግሩ የተቃለለው አንድ የውጭ ባለሙያ ከኪሱ 35 ዶላር በመክፈሉ ነው። ያህን ያህል ግዙፍ ኩባንያ ላይ የደረሰው በማንኛውም መሥሪያ ቤት ሊደርስ ይችላል።

በመሆኑም የእድሳት ክፍያው በየዓመቱ በጀት ውስጥ ሊካተት፣ ቀኑም ከአንድ በላይ ኃላፊ ዘንድ ሊመዘገብ ይገባል። የድረ ገጽ ስም እንደ ማኅተም ሁሉ የተቋሙ ንብረት ነውና በጥንቃቄ ሊያዝ ያስፈልጋል።