ጴጥሮስ ከገበታ የተነሣ ዕለት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ሁለት መልእክት ደረሰኝ። አንዱ «መጾም ወደ ሕግ መመለስ ነው፤ ጸጋን መካድ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «በጸጋ ድነናል የምትሉት እንዳሻችሁ ለመኖር ሰበብ ፈልጋችሁ ነው» ይላል። ሁለቱም የገላትያን መልእክት ጠቅሰዋል። ሁለቱም ግን መልእክቱ የተጻፈበትን ጠብ የረሱት ይመስለኛል። የመልእክቱ ምዕራፍ 2 እንደሚነግረን ጠቡ የፈነዳው ምግብ ላይ ነው። ማን ከማን ጋር ይበላል በሚል።

ቦታው አንጾኪያ ነው። በዚያ ዘመን ከሮምና ከእስክንድርያ ቀጥላ የምትጠራ ትልቅ ከተማ ነበረች፤ ዛሬ በደቡብ ቱርክ አንታክያ ትባላለች። ደቀ መዛሙርት ለመጀመሪያ ጊዜ «ክርስቲያን» የተባሉትም እዚያው ነው። በዚያች ማኅበር ከአይሁድ ያመነውና ከአሕዛብ ያመነው በአንድ ማዕድ ይቀርቡ ነበር። ጴጥሮስም ሲመጣ አብሮ ቀርቦ ይበላ ነበር። ከኢየሩሳሌም ማኅበር መሪ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲደርሱ ግን ፈራ፤ ቀስ እያለ ራሱን አገለለ። ሌሎቹ አይሁድም እሱን አይተው ተነሡ። በመጨረሻ በርናባስም ተነሣ። ጳውሎስን ከሁሉ በላይ ያቆሰለው ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ኢየሩሳሌም ውስጥ ሁሉም ሲፈራው እጁን ይዞ ሐዋርያት ፊት ያቀረበው በርናባስ ነበር። ጳውሎስ ጴጥሮስን ገለል አድርጎ አልመከረውም። በሁሉም ፊት ተቃወመው።

ለእኛ አገር ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ሥጋ ቤቱ በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ተስሎ አይተን ነው የምንገባው። ሰርግ ሲደገስ ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ ታርዶ ለብቻ ይሠራል። ሰዎቹ ተጣልተው አይደለም፤ አብረው አድገዋል፣ ቡና አብረው ይጠጣሉ፣ ለቅሶ አብረው ይደርሳሉ፤ ሥጋው ሲቀርብ ግን ገበታው ይለያል። አሁን ይህን መለያየት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በአንድ ጥምቀት በተጠመቁ ሰዎች መካከል አስቡት፤ ያውም የጌታ እራት ከማዕድ ጋር አብሮ ይፈጸም በነበረበት ዘመን። ጴጥሮስ ከገበታ ሲነሣ አንድም ቃል አልተናገረም። ተቀምጠው የቀሩት አሕዛብ ግን መልእክቱ ገብቷቸዋል፦ በክርስቶስ ማመናችሁ አልበቃም፤ መጀመሪያ እንደ እኛ ሁኑ።

ከኢየሩሳሌም የመጡትን ሰዎች ግን እንደ ክፉዎች ብቻ ማየት አይገባም። ብዙ ስብከት ላይ «ግብዞች» ተብለው ያልፋሉ፤ ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ167 ገደማ ንጉሥ አንጥዮኮስ ኤጲፋንዮስ ግርዘትን በሞት ከልክሎ ነበር። ልጆቻቸውን ያስገረዙ እናቶች ከነሕፃናቱ ተገድለዋል። አልዓዛር የሚባል ሽማግሌ የእሪያ ሥጋ አልበላም በማለቱ እየተገረፈ ሞቷል። ይህ የተጻፈው በግሪኩ መጽሐፈ መቃብያን ነው፤ የእኛው መቃብያን ሌላ መጽሐፍ ነው። እንግዲህ አያት ቅድመ አያቶቹ የሞቱለትን ነገር ጳውሎስ የሚባል አንድ የጠርሴስ ሰው ተነሥቶ ለአሕዛብ አያስፈልግም ሲል ከኢየሩሳሌም የመጣውን አይሁዳዊ ምን ይሰማዋል? ግርዘት ለእሱ ተራ ደንብ አልነበረም፤ የቃል ኪዳን ምልክት፣ የሰማዕታት ደም ነበር። ስህተቱ ምልክቱን መውደዱ ሳይሆን እግዚአብሔር ያለዚያ ምልክት ሰው አይቀበልም ማለቱ ነው።

የአሕዛብ ግርዘት ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ49 ገደማ ኢየሩሳሌም ላይ ለጉባኤ ቀረበ፤ ታሪኩ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 አለ። ከፈሪሳውያን ወገን ያመኑ ሰዎች አሕዛብ ሊገረዙና የሙሴን ሕግ ሊጠብቁ ይገባል አሉ። ክርክሩ ከበዛ በኋላ ጴጥሮስ ተነሥቶ የተናገረው ከሊቅ ክርክር ይልቅ የዓይን ምስክርነት ነው። ቂሳርያ ውስጥ፣ በመቶ አለቃው በቆርኔሌዎስ ቤት፣ እሱ ገና ስብከቱን ሳይጨርስ መንፈስ ቅዱስ በሰዎቹ ላይ ወርዶ ነበር። አልተገረዙም፤ ገና እንኳን አልተጠመቁም። እግዚአብሔር ቀድሞ ከተቀበላቸው እኛ በር ላይ ቆመን ምን እንጠይቃለን ነው ነገሩ። መዳን በጌታ ጸጋ ነው፣ ለእኛም ለእነሱም፣ ብሎ ተቀመጠ። አንጾኪያ ላይ ከገበታ የተነሣው ይኸው ጴጥሮስ ነው። የአንጾኪያው ጠብ ከጉባኤው በፊት ይሁን በኋላ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል። በኋላ ከሆነማ ነገሩ ይብሳል።

ውሳኔውን የሰጠው ያዕቆብ ነው። አሕዛብ ከአራት ነገሮች ይራቁ አለ፦ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከዝሙት፣ ታንቆ ከሞተና ከደም። ግርዘት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከአራቱ ሦስቱ ደግሞ የወጥ ቤት ጉዳይ ናቸው። ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። እኔ እንደማነበው ያዕቆብ የደነገገው የመዳኛ መስፈርት አይደለም፤ አይሁዳዊው ሳይሰቀቅ ከአሕዛብ ወንድሙ ጋር አንድ ገበታ ላይ እንዲቀርብ መንገድ ነው ያበጀው። በር ላይ የነበረውን ሕግ አንሥቶ ማዕዱ ላይ ፍቅር አስቀመጠ።

ጸጋንና ሕግን ለመለየት ከዚህም የተሻለ ምሳሌ እፈልጋለሁ ለሚል ሰው ቲቶንና ጢሞቴዎስን አጎራብቼ አቀርብለታለሁ። ቲቶ ግሪካዊ ነው። ኢየሩሳሌም ውስጥ ይገረዝ ተብሎ ሲጠየቅ ጳውሎስ ለአንዲት ሰዓት እንኳ አልተበገረም። ጢሞቴዎስ እናቱ አይሁዳዊት፣ አባቱ ግሪክ ነው። እሱን ጳውሎስ ራሱ ገረዘው! ያውም ሐዋርያት ግርዘት ግዴታ አይደለም ብለው ከወሰኑ በኋላ። ቀዶው አንድ ነው፣ ጳውሎስም ያው ጳውሎስ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ቲቶን «ካልተገረዝክ አልዳንክም» ብለው ነው የጠየቁት፤ በዚህ ጥያቄ ፊት ማጎንበስ ወንጌሉን መሸጥ ይሆን ነበር። ጢሞቴዎስን የዳነበትን ነገር የጠየቀው የለም፤ በዚያ አካባቢ ወዳሉ አይሁድ ገብቶ እንዲያገለግል እንቅፋት ለማንሣት ነው የተገረዘው። ስለዚህ ሕግ አጥባቂነትን በድርጊቱ ዓይነት መለየት አይቻልም። ድርጊቱ የቆመበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል፤ በእግዚአብሔር ፊት የመቀበያ ዋጋ ሆኖ ቆሟል ወይስ አይደለም?

ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ እንደ ልማዱ ምስጋና አላስቀደመም፤ ሰላምታውን እንደጨረሰ በቀጥታ ወደ ወቀሳ ገባ። ዋና ምስክር አድርጎ የጠራው አብርሃምን ነው። ለዚህ ምስክርነት ዘፍጥረትን ይዞ ዕድሜ መቁጠር ይበቃል። አብርሃም አምኖ እምነቱ ጽድቅ ሆኖ የተቆጠረለት በምዕራፍ 15 ነው። በምዕራፍ 16 እስማኤል ሲወለድ 86 ዓመቱ ነበር። የተገረዘው በምዕራፍ 17፣ በ99 ዓመቱ ነው። ጻድቅ ተብሎ ቢያንስ 13 ዓመት ሳይገረዝ ኖሯል ማለት ነው። ጳውሎስ ይህን የግርዘት ቅደም ተከተል በሮሜ ምዕራፍ 4 በግልጽ ያነሣዋል፤ በገላትያ ደግሞ ሕጉ ከተስፋው 430 ዓመት በኋላ መጣ ይላል። ግርዘትን ከአብርሃም እንወርሳለን ለሚሉት ከዚህ የበለጠ መልስ ያለ አይመስለኝም።

ክርክሩ በሐዋርያት ዘመን አላበቃም። በሁለተኛው መቶ ዘመን ኤቢዮናውያን የሚባሉ ክርስቲያኖች ሕጉን ጠብቀው ጳውሎስን ከሃዲ አሉት። በሌላው ጫፍ ማርቅዮን ብሉይ ኪዳንን በሙሉ አውጥቶ ጣለ፤ እ.ኤ.አ. በ144 ገደማ የሮም ቤተ ክርስቲያን ለየችው። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም አልተቀበለችም። ጸጋ ማለት ሙሴን መጥላት አለመሆኑን ለማወቅ ማርቅዮንን ማየት ይበቃል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በሐዋርያት ሥራ ያለው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አለ። በዘዳግም 23 ሕግ ጃንደረባ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይገባም። ያ የሕንደኬ ባለሟል ግን ከኢየሩሳሌም ሲመለስ መንገድ ላይ ውኃ አይቶ እንዳልጠመቅ ምን ይከለክለኛል አለ። ዘዳግምን ለሚያውቅ ሰው የሚከለክል ነገር ነበር። ፊልጶስ ግን አጠመቀው።

አፄ ገላውዴዎስም አለ። እ.ኤ.አ. በ1555 ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ኢትዮጵያውያንን «አይሁድ ሆናችኋል» ብለው በከሰሱ ጊዜ ንጉሡ የእምነት መግለጫ ጻፈ። እንገረዛለን፣ ግን እንደ አገር ልማድ ነው እንጂ በዚያ እንጸድቃለን ብለን አይደለም አለ፤ ጳውሎስ ስለ ግርዘት የተናገረውንም አውቃለሁ ብሎ ጠቀሰ። የእሪያ ሥጋን በተመለከተ የሚበላውን አንንቅም፣ የማይበላውንም አናስገድድም የሚል ሐሳብ አሰፈረ። ከግራኝ ጦርነት በወጣች አገር ላይ ሆኖ፣ ያውም ጦርነቱን በፖርቱጋሎች እርዳታ ካሸነፈ በኋላ፣ ይህን ያህል ረጋ ብሎ መጻፉ ያስደንቀኛል። የቲቶንና የጢሞቴዎስን ልዩነት ከብዙ የዘመናችን ተከራካሪዎች በተሻለ ተረድቶታል።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ዐቢይ ጾምን የሚጾም ሰው ስለጾመ ብቻ የሕግ ባሪያ አይባልም፤ ክርስቶስን እየፈለገ የሚጾም ሞልቷል። ጾሙን ቆጥሮ እግዚአብሔር ዕዳ አለበት ያለ ዕለት ግን የገላትያ መልእክት ለእሱ ተጽፏል። «በጸጋ ድኛለሁ» የሚል ሰውም ቃሉን ስላወቀ ብቻ ከሕግ አጥባቂነት አላመለጠም። ጠጅ የቀመሰውን፣ ጌጥ ያደረገችውን፣ እንደ እሱ በታላቅ ድምፅ የማይጸልየውን «ይህ መች ዳነ» ብሎ ከገበታው የሚያስነሣ ከሆነ በአንጾኪያው ታሪክ ውስጥ ቦታው ከእነዚያ ከኢየሩሳሌም ከመጡት ጋር ነው። ጸጋ እንዳሻ የመኖር ፈቃድ ነው ለሚለውም ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 6 መልሶለታል።

እባካችሁ፣ ከገላትያ አንድ ጥቅስ መዝዛችሁ ሰው ላይ ከመወርወራችሁ በፊት ስድስቱንም ምዕራፍ በአንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከዚያ የሐዋርያት ሥራ 15ን ጨምሩበት።